ወደ ላይ የተነሳው መንገድ፦ ስቱዋርት ጎዳና፣ ኖራውና ጨው ያቆረው ሸክላ

መንገድ ተበላሸ ሲባል የለመድነው መስመጥን ነው። ይሰረጉዳል፣ ጉድጓድ ያወጣል፣ ጠርዙ ይፈርሳል። አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ያለው ስቱዋርት ጎዳና ግን ሌላ ጸባይ አመጣ። ተነሳ። ከላስ ቬጋስ መሃል ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው ይህ ጎዳና በተሠራ በሁለት ዓመቱ አስፋልቱ እዚህም እዚያም ያብጥ ጀመር። እብጠቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። የቤት መኪና ሆዱን አስፋልት ላይ የሚፈትግበት ከፍታ ነው።

ከአስፋልቱ ሥር ያለው ሸክላ አፈር ደግሞ ዝም ብሎ የተተወ አልነበረም። በኖራ ታክሟል። ኖራው የገባው አፈሩ እንዳያብጥና እንዳይላሽቅ ተብሎ ነው። እንዳያብጥ የታከመው መሬት አበጠ።

ጉዳዩ የ1970ዎቹ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቢያረጅም፣ በኬሚካል አፈር አጠናክራለሁ የሚል ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ባይ ነኝ። ብዙውን ጊዜ መንገድ ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሠራው ሰው ነው። ኖራ አሳነሰ፣ ሮለሩን ቶሎ አቆመ፣ ውሃ አላጠጣም ይባላል። እዚህ ግን የተደረገው ሕክምና በጊዜው የተለመደው ዓይነት ነበር። መንገዱን ያነሳው ኬሚስትሪው ነው። እሱም ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ዓይነት።

መሬቱ

ላስ ቬጋስ በረሃ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ በሚበዛበት አገር አፈር ውስጥ ያለው ጨው እየታጠበ ይሄዳል። በረሃ ላይ ግን ትንሿ ውሃ ወደ ታች ሳትዘልቅ ተመልሳ ትተናለች። የተሸከመችውን ጨው እዚያው ጥላ ነው የምትሄደው። ይህ ለሺህ ዓመታት ሲደጋገም አፈሩ ጨው ያቁራል።

ለዚህ ታሪክ ዋናው ጨው ጂፕሰም ነው። ካልሲየም ሰልፌት ከውሃ ጋር ተጣብቆ ማለት ነው። ለግድግዳና ለኮርኒስ የምንጠቀምበት ጄሶ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ ለአሥርት ዓመታት ጂፕሰም ሲቆፈርበት የኖረ ኮረብታ አለ። አካባቢው ጂፕሰም አያጣም።

ጂፕሰም አፈር ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝም። አንዱ ጋ የማይታይ ዱቄት ነው። ሌላው ጋ ጥፍር የሚያህል የሚያብረቀርቅ ክሪስታል ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ሸክላውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ነጭ ክር ሆኖ ይገኛል። አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ ናሙና የወሰደ ሰው ምንም ላያገኝ ይችላል። አሥር ሜትር ራቅ ብሎ የቆፈረው ደግሞ በጂፕሰም የተሞላ አፈር ያወጣል። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የጎዳናው አፈር ደለል የተቀላቀለበት ሸክላ ነበር። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ስስ ቅጠሎች እንደ ወረቀት ክምር የተደራረቡበት አፈር ነው። የቅጠሎቹ ፊት ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ውሃና ጨው ይስባል። ውሃ በቅጠሎቹ መሃል ሲገባ ክምሩ ይለያያል፤ አፈሩ ያብጣል፣ ይላሽቃል። ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይሰነጠቃል። እንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ያለ ሕክምና አስፋልት ማንጠፍ ገንዘብ መበተን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ማድረግ የግድ ነበር። ወይ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በተሻለ መተካት፣ ወይ እዚያው ማከም።

ኖራ ምን ያደርጋል?

ቆፍሮ መተካት ውድ ነው። ጥሩ አፈር ከሩቅ ይመጣል፣ መጥፎው የሚደፋበት ቦታ ይፈለጋል፣ መኪናው ይመላለሳል። ኖራ ግን ርካሽ ነው፣ ሥራውም ፈጣን ነው። አፈሩን በማሽን ይቆፍራሉ፣ ኖራውን ይበትናሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ፣ ያደባልቃሉ፣ በሮለር ይጠቀጥቃሉ። ስቱዋርት ጎዳና ላይ የገባው ኖራ ከደረቁ አፈር ክብደት 4.5 በመቶ ነበር። የተለመደው መጠን ከ3 እስከ 6 በመቶ ስለሆነ ከወትሮው የወጣ ነገር የለውም።

ኖራ ሸክላ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ዝግተኛ።

ፈጣኑ በሰዓታት ውስጥ ይታያል። ከኖራው የሚወጣው ካልሲየም በሸክላው ቅጠሎች ላይ ያለውን ሶዲየም አባርሮ ቦታውን ይይዛል። ካልሲየም ጠንከር ያለ ቻርጅ ስላለው ቅጠሎቹ ይቀራረባሉ፣ እየተያያዙም ጉብ ጉብ ይላሉ። ጠዋት ጫማ ላይ ይጣበቅ የነበረው ጭቃ ከሰዓት በኋላ እንደ አሸዋ ይፈረፈራል። ፕላስቲሲቲው (እንደ ሊጥ የመለንቀጥ ጸባዩ) ይወርዳል፣ ማሽን ያለ ችግር ይሄድበታል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ኖራን ለመውደድ ብዙ ማስረጃ አይፈልግም።

ዝግተኛው ሥራ ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ኖራ የጠገበ ውሃ ፒኤቹ (የአልካላይነቱ መለኪያ) 12.4 ገደማ ነው። በዚህ ደረጃ ሸክላ ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ከቅጠሎቹ ውስጥ ሲሊካና አሉሚና (የሲሊከንና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች) ይወጣሉ። ከካልሲየም ጋር ይገናኙና ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ዓይነት ማጣበቂያ ይሠራሉ። አፈሩ እየዋለ እያደረ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ይበቃል የሚባለው የኖራ መጠንም የሚወሰነው በዚሁ ነው። ከ1966 ጀምሮ የታወቀ ቀላል ምርመራ አለ። ለተለያየ ናሙና የተለያየ ኖራ ይጨመርና ፒኤቹን 12.4 የሚያደርሰው ዝቅተኛ መጠን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኖራው ሸክላውን አሟሙቶ አሉሚና ያወጣል። የጥንካሬው ምንጭ ይኸው ነው። አፈሩ ውስጥ እንደ ጂፕሰሙ ያለ ሰልፌት ካለ ግን ያ አሉሚና ሌላ የሚጠብቀው አለ።

ሲቆፈር የተገኘው

ጎዳናው ሙሉ ጥገና እስኪያስፈልገው ድረስ ተበላሸ። ያበጡት ቦታዎች ተከፍተው ሲመረመሩ በታከመው ሸክላ ውስጥ ሁለት ማዕድናት በብዛት ተገኙ። ኢትሪንጋይትና ታውማሳይት ይባላሉ። ኖራ ሲገባ ሁለቱም አልነበሩም። መንገዱ ሥር ነው የተወለዱት።

ጉዳዩን ለመሐንዲሶች ዓለም ያስተዋወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። የካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጄምስ ሚቼል አፈር ሰውን የሚያስደንቅባቸውን አጋጣሚዎች ባነሳበት ንግግሩ ስቱዋርት ጎዳናን ምሳሌ አድርጎ አቀረበው፤ በ1986 ታተመ። ከዚያ በ1988 ዳል ሃንተር የኬሚስትሪውን ቅደም ተከተል በዝርዝር ጻፈው። ዛሬ ስለ ሰልፌትና ኖራ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ይነሳል።

ኢትሪንጋይት አዲስ ማዕድን አይደለም። ጀርመን ውስጥ ኢትሪንገን በምትባል ቦታ አጠገብ በ1874 ነው የተገኘው። የኮንክሪት ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ሰልፌት ያለበት ውሃ ኮንክሪት ሲበላ የሚያድገው እሱ ነውና። እንዲያውም በ1892 ሚካኤሊስ የተባለ ጀርመናዊ "የሲሚንቶ ባሲለስ" ብሎት ነበር፣ ሲሚንቶ ውስጥ የሚራባ ጀርም እንደማለት።

ማዕድኑ እንዲፈጠር አራት ነገር ይፈልጋል። ካልሲየም፣ አሉሚና፣ ሰልፌትና ውሃ። ፒኤቹም ከፍ ያለ መሆን አለበት። አሁን ቆጠራ እናድርግ። ካልሲየሙን ኖራው አመጣው። አሉሚናውን ኖራው ከሸክላው አወጣው። ከፍተኛውን ፒኤች ኖራው ፈጠረው። ሰልፌቱ ከጂፕሰሙ ነው። ውሃውስ? አስፋልት ከላይ ሲሸፈን መሬቱ መተንፈስ ስለሚያቆም እርጥበት ከሥሩ ይጠራቀማል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የአትክልት ውሃም የሚያፈስ ቧንቧም አለ። በረሃ ነው ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ያልታከመው አፈር ውስጥ ጂፕሰሙና ሸክላው ለሺህ ዓመታት በሰላም አብረው ኖረዋል። ያጋጫቸው ኖራው ነው።

ታውማሳይት ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ሃንተር እንዳስረዳው መጀመሪያ ኢትሪንጋይት ይፈጠራል። ከዚያ የሙቀት መጠኑ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድና ካርቦኔት ሲኖር በአሉሚናው ቦታ ሲሊካ ይገባና ማዕድኑ ወደ ታውማሳይት ይለወጣል። ላስ ቬጋስ ሐምሌው እሳት ቢሆንም ጥር ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ መሬቱም ይቀዘቅዛል። የታውማሳይት ክፋቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሲሊካውን የሚወስደው አፈሩን ካጣበቀው ከዚያው ማጣበቂያ ነው። ስለዚህ ማሳበጡ ሳያንስ ያጠነከርነውን መልሶ ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ ከቦታው የተፈናቀለው አሉሚና ነጻ ይወጣና እንደገና ኢትሪንጋይት ለመሥራት ይበቃል። ዑደቱ ሰልፌቱ ወይም ኖራው እስኪያልቅ ይቀጥላል።

ሒሳቡ

ነገሩን በቁጥር ካላዩት አይገባም። ለማሳያ ያህል አንድ ኪሎ ደረቅ አፈር እንውሰድ። ይህ የስቱዋርት ጎዳና ናሙና ሳይሆን ለስሌት የወሰድኩት ነው። በውስጡ 10 ግራም ሰልፌት አለ እንበል። በላቦራቶሪ ቋንቋ 10,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አሥር ሺህ) ይባላል።

አንድ ኢትሪንጋይት ውስጥ ስድስት ካልሲየም፣ ሁለት አሉሚኒየምና ሦስት ሰልፌት አለ። የቀረው ባብዛኛው ውሃ ነው፤ ከክብደቱ 46 በመቶ ያህሉ። 288 ግራም ሰልፌት 1,255 ግራም ኢትሪንጋይት ይሠራል። ስለዚህ የእኛ 10 ግራም ወደ 44 ግራም ይሆናል። ማዕድኑ ቀላል ስለሆነ (አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.8 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው) 25 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል። ውሃም ይጠጣል። እያንዳንዱ ግራም ሰልፌት ሁለት ግራም ውሃ ያስራል። አሥሩ ግራም 20 ግራም ውሃ ያዘ ማለት ነው፤ ከአፈሩ ክብደት 2 በመቶ። ያ እርጥበት ለመጠቅጠቂያና ለማጠንከሪያ ተብሎ የተጨመረ ነበር።

ኖራውስ ይበቃዋል? በደንብ። ጂፕሰሙ ካልሲየሙን ግማሽ ይዞ ስለሚመጣ ለ10 ግራም ሰልፌት 8 ግራም የማይሞላ ውሃ የጠጣ ኖራ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። 4.5 በመቶ ስንል በኪሎ 45 ግራም ጨምረናል። ይህ ወደ 58 ግራም ሰልፌት ይመግባል። ስለዚህ መንገዱ ማበጥ ሲጀምር "ኖራ አንሶታል፣ ጨምሩበት" የሚለው የመጀመሪያ ደመ ነፍስ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

አሁን የሚያስገርመው ይመጣል። ያ አንድ ኪሎ አፈር ተጠቅጥቆ 625 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። 25ቱ ለዚህ 4 በመቶ ነው። ኢትሪንጋይቱን ለመሥራት የጠፋውን ጂፕሰም፣ ኖራና ሸክላ ስንቀንስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንብርብር ሙሉ 4 በመቶ ወደ ላይ ቢያብጥ እንኳ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ታዲያ ያ ሁሉ እብጠት ከየት መጣ?

ሰልፌት ባለበት አይቆምም። በውሃ ይሟሟል፣ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ውሃው በሚጠራቀምበት ይጠራቀማል። አማካዩ 10,000 የሆነ አፈር አንዳንድ ኪሱ ውስጥ ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። እብጠቱ መንገዱን በሙሉ እኩል ሳያነሳ እዚህም እዚያም የሚያጎበጉበው ለዚህ ነው። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። ዋናው ነገር ክሪስታሎቹ የሚያድጉበት መንገድ ነው። ኢትሪንጋይት ሲያድግ ቀጫጭን መርፌ ይሆናል። መርፌዎቹ አፈሩን ገፍተው ሲከፍቱት ከያዙት ቦታ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ይፈጥራሉ። ተጠቅጥቆ የነበረው አፈር ይላላል። የላላው አፈር እንደገና ውሃ ይጠጣል። ውሃው አዲስ ሰልፌት ይዞ ይመጣል። መርፌው እንደገና ያድጋል። ከጎን መሬቱ ስለሚይዘው መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ደግሞ ስስ አስፋልት ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሥር ቢሆን ክብደቱ ተጭኖ ይታገለው ነበር። መንገድ ግን ቀላል ነው።

ላቦራቶሪው ለምን አላየውም?

የኖራ ሕክምና ሲነደፍ የሚጠየቁት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ፕላስቲሲቲው ወረደ ወይ? ሲቢአሩ (የአፈሩ የመሸከም አቅም መለኪያ) ወጣ ወይ? ናሙናው ለሳምንት ወይም ለአራት ሳምንት ታሽጎ ቆይቶ ሲጨመቅ ስንት ቻለ? ሰልፌት ያለበት ሸክላ እነዚህን ሁሉ በጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል። ፈጣኑ ሥራ በሰዓታት ያልቃልና ፕላስቲሲቲው ይወርዳል። የታሸገ ናሙና ደግሞ ከውጭ ውሃ አያገኝም፤ ስለዚህ መርፌው የሚያድግበት ውሃ ያጥራል። መጀመሪያ ላይ የሚፈጠረው ጥቂት ኢትሪንጋይት ባዶ ቀዳዳዎችን ሞልቶ ጥንካሬውን ከፍ ሊያደርገውም ይችላል። ሪፖርቱ ላይ "አልፏል" ይጻፋል። ሁሉም ቸክ ይደረጋል። መንገዱ ግን የሚኖረው አራት ሳምንት አይደለም፤ ታሽጎም አይደለም።

ማስጠንቀቂያ አልነበረም እንዳይባል ነበረ። በእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራ ሸርዉድ የተባለ ተመራማሪ በሲሚንቶና በኖራ በተጠናከረ አፈር ላይ ሰልፌት የሚያደርሰውን ጉዳት በ1962 አሳትሟል። ያውም በአሜሪካው የመንገድ ምርምር ቦርድ ኅትመት ላይ። ከስቱዋርት ጎዳና ቀድሞ ማለት ነው። የኮንክሪት ሰዎች ደግሞ ከዚያም በፊት ያውቁታል። ግን ኮንክሪት የሚያጠናና አፈር የሚያጠና ሰው አንድ ሕንፃ ውስጥ እየሠሩም አይነጋገሩም። በእኔ ግምት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ጋ ነው። ዕውቀቱ ነበር፤ ኖራ የሚበትነው ሰው ጠረጴዛ ላይ ግን አልደረሰም።

ጠላቱ ኢትሪንጋይት ነው ወይስ ሰዓቱ?

አንድ የሚያደናግር ነገር ላንሳ። ፋብሪካ ውስጥ ሲሚንቶ ሲፈጭ ሆን ተብሎ ጂፕሰም ይጨመርበታል። ካልተጨመረ ሲሚንቶው ውሃ በነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ለሥራ አይመችም። ጂፕሰሙ ከአሉሚናው ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ደግሞ ያንኑ ኢትሪንጋይት ነው። ማንኛውም ኮንክሪት ውስጥ አለ። ታዲያ ቤታችን ለምን አያብጥም? ኮንክሪቱ ገና ለስላሳ ሳለ ስለሚፈጠር ነው። የሚገፋው ጠንካራ ነገር የለም፤ ቦታውን ይይዝና ዝም ይላል።

ሰልፌት ላለው አፈር ከሚሰጡት መፍትሔዎች በጣም የምወደው ከዚህ የተወሰደ ነው። ኢትሪንጋይቱ መፈጠሩ ካልቀረ ከመጠቅጠቁ በፊት ይፈጠር። ኖራውን ከአፈሩ ጋር ታደባልቃለህ። ለመጠቅጠቅ ከሚያስፈልገው በላይ ከአፈሩ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ ተጨማሪ ውሃ ታጠጣዋለህ። ከዚያ ሮለሩን አቁመህ ቀናት ትጠብቃለህ። ሰልፌቱ ይሟሟል፣ መርፌዎቹ በላላው አፈር ውስጥ እንደልባቸው ያድጋሉ። ከዚያ መልሰህ አደባልቀህ ትጠቀጥቃለህ። አንዳንዴ ኖራው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መጀመሪያ፣ ግማሹ ከጥበቃው በኋላ ይገባል። የመጀመሪያው ሰልፌቱን እንዲጨርስ፣ ሁለተኛው አፈሩን እንዲያጠነክር። ኮንትራክተር ግን ይህን አይወድም። ማሽን ቆሞ ይከራያል፣ ውሃ በቦቴ ይመላለሳል፣ ቀን ይበላል። አማካሪው ካልቆመበት ጥበቃው ፎርማሊቲ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዘዴው ሁልጊዜ አይሠራም። ጂፕሰሙ ዱቄት ከሆነ ቶሎ ይሟሟል፣ ቀናቱ ይበቃሉ። ጥፍር የሚያህል ክሪስታል ከሆነ ግን ከላዩ ብቻ እየተላጠ ለወራት ይቆያል። ጥበቃው ያልፋል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ አስፋልቱ ይነጠፋል። ክሪስታሉ ግን ከሥር ሆኖ ሰልፌት መልቀቁን ይቀጥላል።

ስለዚህ መለካት ይቀድማል። ዛሬ በኖራ ሥራ የተለመደው መነሻ እንዲህ ነው። ሰልፌቱ ከ3,000 ፒፒኤም በታች ከሆነ አያሰጋም። ከዚያ በላይ እየጨመረ ሲሄድ ጥበቃውና ውሃው ይጨምራል። ከ8,000 ሲያልፍ ኖራን መተው ይሻላል። ቁጥሮቹ ግን የሚታመኑት አለካኩ ከታመነ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል።

አለካኩ አፈሩን በውሃ በጥብጦ የሟሟውን ሰልፌት መቁጠር ነው። ጂፕሰም በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2.4 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚሟሟው። ከዚያ በላይ ቢኖርም ውሃው ጠግቧል። አሁን 100 ግራም አፈር በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠበጥኩ እንበል። ውሃው ቢበዛ ግማሽ ግራም የማይሞላ ጂፕሰም ይይዛል። ይህ ወደ ሰልፌት ሲመለስ 2,700 ፒፒኤም ገደማ ነው። አፈሩ ግማሹ ጂፕሰም ቢሆን እንኳ ከጂፕሰሙ የማነበው ከዚህ አይዘልም። ከ3,000 በታች ነው፣ አያሰጋም ብዬ ፈርሜ እወጣለሁ። ለ100 ግራም አፈር አንድ ሊትር ውሃ ከተጠቀምኩ ጣሪያው ወደ 13,000 ይወጣል፤ አደጋውን አያለሁ። ለአንድ እጅ አፈር አሥር እጅ ውሃ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳት ነገር እዚህ ትመጣለች። ጂፕሰም ኪስ ኪስ እየሆነ ስለሚገኝ በኪሎ ሜትር አንድ ናሙና ማለት ምንም ማለት አይደለም። የአፈሩን የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም በመስክ እየለኩ መሄድ ርካሽ ማጣሪያ ነው። ጨው ያለበት አፈር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ላይ ናሙና ይወሰዳል። ነጭ ክር ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር በዓይን ከታየ ደግሞ መሣሪያም አያስፈልግም፤ እዚያው መቆፈር ነው።

ሰልፌቱ ከበዛስ? "ኖራውን ትተን ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ እንጠቀም" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለኮንክሪት ጥሩ ነው። ያ ሲሚንቶ ሰልፌት የሚቋቋመው ራሱ ውስጥ ያለው አሉሚና ስለተቀነሰ ነው። ሸክላ ውስጥ ግን አሉሚናውን የሚያመጣው ሸክላው ነው። ሲሚንቶው ሲረጥብ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል፣ ሸክላው ይሟሟል፣ በሩ መልሶ ይከፈታል። ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል፣ አይዘጋውም። የተሻለው የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ዱቄት ነው። ከጥቂት ኖራ ጋር ሲገባ ያጠነክራል፤ ነጻ ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ ኢትሪንጋይቱ ብዙ የሚበላው አያገኝም። እሱም ካልተገኘ ከላይ ያለውን ክፉ አፈር ቆፍሮ ማውጣት ነው። ውድ ነው ብለን የሸሸነው አማራጭ ተመልሶ መጣ፤ ሁለተኛ ጊዜ መንገድ ከመሥራት ግን ይረክሳል።

የማይሟሟው ድኝ

ሰልፌቱን በትክክል የለካ ሰውም ሊሸወድ የሚችልበት አንድ በር አለ። እንግሊዝ ውስጥ የኤም 40 አውራ ጎዳና ሲሠራ ኦክስፎርድሺር ላይ በኖራ የታከመ የሸክላ ንብርብር በ1989 መጨረሻና በ1990 መጀመሪያ ባሉት የብርድ ወራት አበጠ። አንዳንድ ቦታ ጭማሪው የንብርብሩን ውፍረት 60 በመቶ ደርሷል። እዚያ በረሃ የለም፤ ዝናብ ሞልቷል። የእዚያ ሸክላ ድኙን የያዘው ፓይራይት በሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን መልክ ነበር። ፓይራይት በውሃ ስለማይሟሟ ሰልፌት የሚቆጥር ምርመራ አያየውም። አፈሩ ሲቆፈርና ሲደባለቅ ግን አየር ያገኘዋል። ይዝጋል፣ ድኙ ወደ ሰልፌት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የስቱዋርት ጎዳና ታሪክ ነው።

የእንግሊዝ መሐንዲሶች ለዚህ የሚጠቀሙበት ስሌት አጭር ነው። የሚሟሟውን ብቻ ሳይሆን አፈሩ ውስጥ ያለውን ድኝ በሙሉ ይለካሉ፤ ከዚያ በሦስት ያባዙታል። አንድ ግራም ድኝ ሙሉ በሙሉ ሲዝግ ሦስት ግራም ሰልፌት ስለሚሆን ነው። በውሃ ሲበጠበጥ ምንም የማያሳይ፣ ግን 1 በመቶ ድኝ የያዘ ሸክላ በዚህ ስሌት 30,000 ፒፒኤም ሰልፌት ሊያወጣ የሚችል ሸክላ ነው።